ኳሱ እስኪጀመር

በዚያ ዓመት ክረምቱን የእናቴን ያህል የጠበቀ ሰው ሐዋሳ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። በእርግጥ ከተማው በሙሉ እየጠበቀ ነበር። የአውሮፓ ዋንጫ በሰኔ ይጀመራል፤ እሱ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ኦሎምፒክ ይከተላል። ሁለቱ በአንድ ክረምት ሲገጣጠሙ ኳስ ወዳዱም ሩጫ ወዳዱም እኩል ይቁነጠነጣል። የባጃጅ ሾፌሮች የሚደግፉትን አገር ባንዲራ መስታወታቸው ላይ መለጠፍ የጀመሩት ገና በግንቦት ነው። እኔ በእንግዳ ተቀባይነት የምሠራበት ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ ሣሩ ላይ ትልቅ ስክሪን ለመትከል ብረት ያስበይድ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ጠዋት ሲገባ ከሰላምታ በፊት «ስንት ቀን ቀረው?» ይላል። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ጨዋታ ነበር። እናቴ የምትጠብቀው ግን ስልክ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ቤተሰቦቻችን ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ናቸው። አባቴ ግንበኛ ነው፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ በእጁ ያነሣቸውን ቤቶች እያሳየን ነው ያሳደገን። በአባቴ አገር ወንድ ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሸኘ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የደረሱት ሱቅ ይከፍታሉ፣ ለወላጆቻቸው ቤት ያሠራሉ፣ ፎቶአቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስላልደረሱት ብዙም አይወራም። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ፣ ቋሚ ሥራ አጥቶ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን ትንሽ ወረድ ብሎ በሚገኝ ኳስ ቤት ነበር የሚውለው። አንድ ቀን «ሞያሌ ድረስ ሰው ልሸኝ ነው» ብሎ ትንሽ ቦርሳ አንግቶ ወጣ። ከናይሮቢ ደወለ። ታንዛኒያ ከገባ በኋላም አንዴ ደወለ፣ በጣም አጭር ነበር። «ደህና ነኝ እማ፣ ብርዱ ብቻ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማንም።

የኳስ ቤቱ ባለቤት የስልጤ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት ሸቀጥ ይሸጣሉ፣ ከኋላ ባለው አዳራሽ ደግሞ አግዳሚ ወንበር ደርድረው ኳስ ያሳያሉ። የሰፈሩ ልጆች ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዲሻቸው ነፋስ ሲያዞረው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያስተካክለው ወንድሜ ነበር፤ ስለዚህም የፊተኛው ወንበር ጫፍ ሁልጊዜ የእሱ ነው። የሚደግፈው ጀርመንን ነበር፣ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጀርመን ጎል ስታገባ ጨዋታውን ጥሎ ይወጣና መንገዱን በሩጫ አቋርጦ፣ በራችን ላይ ቆሞ «እማ! ገባ!» ይላል። እናቴ ማን ከማን እንደሚጫወት እንኳ አታውቅም። «እሰይ ልጄ!» ትለዋለች፤ እሱም ተመልሶ ይሮጣል። አንዳንዴ ቀዝቀዝ ብሎ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ከፍቶ ሲገባ ደግሞ ከጓዳ ሆና «ገባ ወይ ልጄ?» ብላ ትጠይቀዋለች። በእኛ ቤት ኳስ ማለት ይሄ ነበር።

ድምፁ ሲጠፋ አባቴ ሞያሌ ድረስ ሄዶ ወንድሜን ያሻገረውን ደላላ ፈለገ። የደላላው ስልክ ተዘግቷል፣ ቤቱም ሌላ ሰው ገብቶበታል። አባቴ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠና «ይሄ ልጅ የለም» አለ። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ አላናገረችውም። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም።

ከዚያ ያ በኅዳር የተካሄደው የዓለም ዋንጫ መጣ። ጀርመን የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከጃፓን ጋር ያደረገችው ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ዕረፍቴ ስለነበር ቤት ነኝ። እናቴ ኳስ ታይ የነበረች ሰው አይደለችም፤ ልጇ ከሄደ በኋላ ግን ጀርመን ስትጫወት ቴሌቪዥኑን እንድከፍትላት ትጠይቀኝ ነበር፤ ሽንኩርት እየላጠችም ቢሆን ዓይኗ እዚያው ነው። ጀርመን በፍጹም ቅጣት ምት አገባች። ከወዲያ ከኳስ ቤቱ ጩኸት ተሰማ። ጩኸቱ ሳይበርድ የእናቴ ስልክ ጮኸ።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አነሣችው። «ሃሎ?» አለች። መልስ የለም። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ይሰማኛል፤ ከስልኩ ውስጥ የሚወጣው የብዙ ሰው ጫጫታ ነበር፣ ቴሌቪዥን ላይ የምናየው የስታዲየም ድምፅ ራሱ፣ ከእኛ ትንሽ ዘግየት ያለ። ከጫጫታው ፊት ደግሞ አንድ ሰው ይተነፍሳል።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ገባ ወይ ልጄ?» አለች።

ትንፋሹ ቆመ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

መልሰን ብንደውል አይነሣም፤ ማታ ስንሞክር ጭራሽ ተዘግቷል። ቁጥሩን ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «የደቡብ አፍሪካ ነው» አሉኝ። እናቴ ያን ቀን ማታ ለአባቴ ራት ስታቀርብ ከስንት ጊዜ በኋላ አናገረችው። «ልጅህ ገብቷል» አለችው። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

«አፍሮ ነዋ! ባዶ እጁን እንዴት ያናግረናል? ኳስ ሲሆን አላስችል ብሎት ደወለ።»

እኔም አመንኩ። ማመኑ ግን ሰላም አልሰጠኝም። ሆቴሉ ውስጥ ከውጭ አገር በተደወለ ቁጥር ቀፎውን ከማንሣቴ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ እገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በጉዱማሌ ሜዳ በኩል፣ አንድ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ የሚሄድ ሰው ከፊቴ አየሁ። የወንድሜ አረማመድ ነው። ልጠራው አልደፈርኩም፤ ዝም ብዬ ተከተልኩት። ሜዳውን አልፎ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሚቆሙበት በሐይቁ ዳር ሄዶ፣ ጀበና ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ሊቀመጥ ዞር ሲል ፊቱን አየሁት። የማላውቀው ሰው ነበር። «ምን ፈለግሽ እህቴ?» አለኝ። ያልኩትን አላስታውስም። ቤት ስደርስ እናቴ ፊቴን አይታ «አገኘሽው እንዴ?» አለችኝ። የት ሄድኩ፣ ማንን ተከተልኩ፣ አልነገርኳትም ነበር።

ዘመዶቻችን ከገጠር መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። መሞት መኖሩ ያልተለየ ሰው ቤተሰቡን ሁሉ አስሮ ይይዛል። የአባቴ ወንድም ልጁን ሊድር ፈልጎ «ለወንድሜ ልጅ ሳይለቀስለት እንዴት እልል ይባላል?» ብሎ መጣ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አባቴ ሁሉንም አዳመጠና ወደ እናቴ ዞረ።

«አልቅሰን እንውጣ» አላት። «ጌታ ያውቃል፣ ከዚህ በላይ አልችልም።»

እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «የሚቀጥለው ኳስ መቼ ነው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ክረምት ላይ ነው። የአውሮፓ ዋንጫ።»

«ጀርመን አለችበት?»

«የመክፈቻውን ጨዋታ የምትጫወተው እሷ ናት።»

«እንግዲያው ክረምቱ ይምጣ» አለች ለሽማግሌዎቹ። «ኳሱ ይጀመር። ጀርመን ተጫውታ ካልደወለ ድንኳኑን ራሴ አስተክላለሁ።»

ተስማሙ። ስለዚህ በዚያ ዓመት የጨዋታ መርሐ ግብር በእኛ ቤት የፍርድ ቀጠሮ ነበር። ሆቴል ውስጥ ሥራ አስኪያጁ «ስንት ቀን ቀረው?» ሲል መዝገብ አገላብጥ ነበር። ሰው በደስታ ሲቆጥር እኔ ባይደርስ ብዬ እጸልያለሁ። እናቴ ግን ፊቷ እየበራ መጣ። ቴሌቪዥኑን ከሳሎኑ ማዕዘን አውርዳ ከመቀመጫዋ ፊት ለፊት አስደረገች። ስልኳ ቻርጅ ቶሎ ይጨርሳል ብላ ባትሪ አስቀየረች። የኦሎምፒኩንም ሩጫ ትጠይቀኝ ጀመር፤ «ኳሱ ላይ ካልተመቸው በሩጫው ጊዜ ይደውል ይሆናል፤ ማራቶን ረጅም ነው» ትላለች። ጎረቤቶች ሲያይዋት «እማማም ኳስ ወደዱ!» እያሉ ይስቁ ነበር። እሷም ትስቃለች።

መክፈቻው በጣም ተቃርቦ ሳለ ጋሼ ሥራ ቦታ ደወሉልኝ። ከዚያ በፊት ደውለውልኝ አያውቁም።

«ልጄ፣ ስትወጪ በእኔ በኩል እለፊ። ብቻሽን ነይ፤ እቤት እንዳትነግሪ» አሉኝ።

ስደርስ አዳራሹ ለውድድሩ እየተዘጋጀ ነበር። ወንበሮቹ ሰማያዊ ተቀብተው እንዲደርቁ ውጭ ተደርድረዋል፣ ቀለሙ ይሸታል። ጋሼ በሩን ከኋላዬ ዘጉት። ውስጥ፣ ገና ካልተቀቡት ወንበሮች በአንዱ ላይ፣ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ የዘጋ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሣ።

«እህቱ ነሽ» አለ። መጠየቁ አልነበረም።

«ማን ነህ አንተ?»

«አብሬው የሄድኩ ነኝ።»

ጋሼ ወንበር ሳብ አደረጉልኝ። አልተቀመጥኩም። ልጁ መሬት መሬቱን እያየ ነበር የሚያወራው፤ ብዙ ጊዜ ለራሱ የተለማመደው ነገር ይመስል ነበር። ከሞያሌ ጀምሮ አብረው ነበሩ። ታንዛኒያ ውስጥ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር። ማላዊን አልፈው ወደ ሞዛምቢክ ሲሻገሩ ጫካ ውስጥ ወንድሜን ወባ ያዘው። አሻጋሪዎቹ የማይራመድ ሰው ይዘው አይጓዙም። ሌሎቹ ሲቀጥሉ እሱና አንድ ሌላ ልጅ ከወንድሜ ጋር ቀሩ።

«ውኃ እንሰጠው ነበር፤ አይቆይለትም» አለ። «ሊነጋጋ ሲል አረፈ።»

«ቀበራችሁት?»

«ቀበርነው። አካፋ የለን። በሳህን ነው የቆፈርነው።»

ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። እኔ ያኔ አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ መቼ እንደሆነ።

«ከዚያ በኅዳር ከነበረው የዓለም ዋንጫ በፊት፣ በሚያዝያ» አለኝ።

ኋላ ወደ ቤት ስሄድ ነው የገባኝ። በሚያዝያ ከሞተ፣ በኅዳር የደወለው ማን ነው? መንገዱ መሐል ቆምኩ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋ በጎኔ አለፈ። ያ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ነበር፤ እናቴ «ገባ ወይ» ስትለው ቀጥ ያለው ትንፋሽ። ተመልሼ ልጁን ልጠይቀው እችል ነበር። ፈራሁ። ደዋዩ ማን እንደሆነ ማወቁም፣ አለማወቁም አስፈራኝ።

ቤት ስደርስ የዲሽ ሠራተኛ ጣሪያችን ላይ ወጥቷል። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች።

«ነይማ፣ እኔ የምለው አይሰማውም» አለችኝ። «ምስሉ ሲጠራ ንገሪው።»

ደጅ ወጥቼ በርና ግቢ መሐል ቆምኩ። እሷ ከውስጥ «ትንሽ ወደ ግራ!» ትላለች፣ እኔ ወደ ላይ «ትንሽ ወደ ግራ!» እላለሁ። «አለፈ፣ ይመለስ!» «አለፈ፣ መልሰው!» ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። በመጨረሻ እናቴ አጨበጨበች። «መጣ! ጠራ! ሣሩ ሁሉ ይታያል!»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኩት። መዘምራኑ ገና መሣሪያቸውን እያነሡ ነበር። አባቴ ሁሉንም ሰማኝ። ለረጅም ጊዜ እጆቹን ያይ ነበር፤ ሲሚንቶ የበላቸው ሻካራ እጆች ናቸው።

«በሳህን?» አለ።

«እንደዚያ አለኝ።»

«አፈሩ ጠንካራ ነበር ወይስ ለስላሳ?»

«አልጠየቅኩትም አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። እኔ መክፈቻውን ትይ፣ ከዚያ በኋላ ይነገራት አልኩት። አንድ ጨዋታ ብቻ፣ ያን ያህል ጊዜ ጠብቃ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ግን እምቢ አለ።

«ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ፣ እኔ እያወቅሁ አጠገቧ ልቀመጥ? አልችልም ልጄ። አንቺም አትችዪም።»

መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሰዎቹ እስኪሰባሰቡ፣ ዘመድ ከገጠር እስኪደርስ ተጠበቀና ቀኑ በመክፈቻው ዕለት ጠዋት ላይ ዋለ። ማንም ሆን ብሎ አልመረጠውም። እስከዚያ ድረስ ከእናቴ ጋር ስበላ፣ ስጠጣ፣ የጨዋታ ሰዓት ስትጠይቀኝ ስመልስላት ነበር። ከዚያ ሳምንት ሌላ ምንም አላስታውስም። የሆቴሉ ስክሪን ሲሞከር ሐይቁ ላይ ሲያበራ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ሲያጨበጭቡ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

በዚያን ዕለት ጠዋት በሩ ሲንኳኳ እናቴ ነቅታ ነበር። ፓስተሩ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የአባቴ ወንድም፣ ጋሼ፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። እናቴ በሩን ከፍታ አንድ በአንድ አየቻቸው። ዝናብ ያካፋ ነበር። ማንም ምንም ከማለቱ በፊት፣ ስህተት እንደሚያርም ሰው፣ በትሕትና ተናገረች።

«ኳሱ እኮ ዛሬ ነው የሚጀመረው» አለቻቸው። «ገና ነው እኮ። ማታ ነው።»

ፓስተሩ «እናታችን» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አባቴ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ያዛት። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

ድንኳኑ ተተከለ። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ኳስ ቤታቸውን ዘግተው ከእኛ ጋር ዋሉ፣ ማታም አልከፈቱም፤ ሰማያዊ ወንበሮቻቸውን ሳይቀር ለለቀስተኛው አመጡልን። በማግስቱ ግን ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ነበርና፣ መዝሙሩ ጋብ ባለበት ሰዓት ከሰፈሩ ቤቶች ድንገት ጩኸት ተነሣ። ጎል ገብቷል። ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ቀና ብላ በሩን አየች። ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ጩኸት በመጣ ቁጥር እንደዚያው ታደርግ ነበር፣ ቀብር እንኳ ባላየንበት በዚያ ለቅሶ፤ እኔም ሳላስበው አብሬያት በሩን አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን «ያን ልጅ አምጡልኝ» አለች። ልጁ ድንኳኑ ጥግ ከገጠር ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ሲቀመጥ ነበር የሰነበተው፤ ማንነቱን እንደማታውቅ ተስፋ አድርገን ነበር። መጥቶ እግሯ ሥር ሊንበረከክ ሲል እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ልጄን አንተ ነህ የቀበርከው?»

«አዎ እማማ።»

«መቼ ነው?»

ነገራት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ወራቱን እያሰበች ነበር። የፈራሁት ደረሰ።

«በሚያዝያ» አለች። «ታዲያ በኅዳር የደወለልኝ ማን ነው?»

ልጁ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበው፣ የሚዘጋው ነገር ባይኖርም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?»

«የእርስዎን ቁጥር በቃል አስጠንቶኝ ነበር። ካልደረስኩ አንተ ንገራት አለኝ። እሺ አልኩት። ደቡብ አፍሪካ ገብቼ ሱቅ ተቀጠርኩ፤ በየቀኑ እደውላለሁ እላለሁ፣ አልደውልም። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ሆነን ኳስ እናይ ነበር፤ ጀርመን ስታገባ እሱ ትዝ አለኝ። ጫካ ውስጥ እንኳ ስለዚህ ነበር የሚያወራው፣ ወደ ቤት ስለሚሮጠው። ዛሬ ልንገራት ብዬ ደወልኩ። እርስዎ "ገባ ወይ ልጄ" አሉኝ። አቃተኝ። ስልኩንም ሸጥኩት። በአፍ መንገር ካለብኝ ፊት ለፊት ልንገራት ብዬ ነው የመጣሁት።»

የአባቴ ወንድም አንድ ነገር ሊናገር ተነሣ፣ ፊቱ ተቆጥቶ ነበር። እናቴ እጇን አነሣችበት። ወደ ልጁ ዞረች። የምትሰድበው፣ የምትመታው መስሎኝ ነበር። እኔ ብሆን እመታው ነበር።

«በልተሃል?» አለችው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ልጁ ሐዋሳ ቀረ። አባቴ ምሥራቅ ከሚሠራበት ግንባታ ቦታ ወሰደው፤ ብሎኬት ያቀብላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይመጣል፣ እናቴ ቆጮ በጎመን ታቀርብለታለች። ሲበላ አታቋርጠውም። ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ ትጠይቀዋለች፤ ቦታው ምን ይመስላል? ዛፉ ትልቅ ነው? ወንዝ ይሰማል? እሱም ይነግራታል። አንዱን ቅዳሜ ወንዝ አለ፣ ሌላውን ቅዳሜ ወንዝ የለም፣ ዳገት ነው። በጨለማ ገብተው በጨለማ የወጡበት ጫካ ነው፤ ቦታውን እንደማያስታውሰው እኔ ቶሎ ገባኝ። አባቴም ሳይገባው አልቀረም፣ ጥያቄው ሲጀመር ወደ ግቢ ይወጣል።

የአውሮፓ ዋንጫው አለቀ፤ ማን እንደወሰደው ከሆቴሉ እንግዶች ነው የሰማሁት። ከዚያ ኦሎምፒኩ መጣ። የወንዶቹ ማራቶን የተካሄደው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እናቴ ከለቅሶው ወዲህ ቴሌቪዥን ነክታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ልጁ ሲመጣ «ክፈቺው» አለችኝ። አባቴም ቀረ። ሦስታችን ሶፋው ላይ፣ ልጁ በርጩማ ላይ ሆነን አየን። ሯጮቹ ከከተማው ወጥተው ዛፍ በበዛበት ዳገት ላይ ወጡ። የእኛ አገሩ ልጅ ከፊት ነበር፤ ከየቤቱ ፉጨትና ጩኸት ይሰማል። እናቴ ሯጮቹን አታይም ነበር። ካሜራው ከኋላ የቀሩትን ሲያሳይ፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን ጫካ በጣቷ አመለከተች።

«እንደዚህ ነበር? ዛፉ?»

ልጁ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። አባቴ ሊነሣ እጁን ሶፋው ላይ ተደግፎ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አዎ እማማ» አለ ልጁ። «እንደዚህ ነበር።»

«ደስ ይላል እኮ» አለች እናቴ። «ጥላ አለው።»

የእኛ ልጅ አንደኛ ወጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ይጨፍር ነበር። እኛ ግን ቴሌቪዥኑን አልዘጋንም። እናቴ ሁሉም እስኪገቡ እንይ አለች፤ የመጨረሻዎቹ እያነከሱ፣ አንዳንዶቹም በእግራቸው እየተራመዱ ሲገቡ፣ ተቀምጠን አየናቸው።